በመጦሪያው ግቢ ደጅ ጥናት

ልጄ ለብሔራዊ ውትድርና በተወሰደ ዓመት፣ ከሳንሱሲ ወረድ ብሎ በነበረ የአረጋውያን መጦሪያ ተቀጠርኩ። ሽርጥ ሰጡኝ፣ ባልዲ ሰጡኝ፣ አለቀ። ሐሙስ ከሰዓት የውይይት ክበብ ነበረን፤ እዚያ ስለ ኢምፔሪያሊዝም ጠግቤ ተምሬያለሁ። የገዛ ልጁን ረስቶ "ወንድሜ" እያለ የሚጠራ ሽማግሌን እንዴት እንደምንይዝ ግን የነገረን አልነበረም። "ጃጅተዋል" እንላለን፣ በቃ።

ከሁሉም የሚያስቸግሩን አንድ አባባ ነበሩ። ለመሬት ክርክር ከጎጃም መጥተው በዚያው አዲስ አበባ የቀሩ ሰው ናቸው። የመኪና ድምፅ በሰሙ ቁጥር ጋቢያቸውን አደግድገው ከበር ይወጡና አስፋልቱ ላይ ይደፋሉ። "አቤት! አቤት ጃንሆይ!" ያለፈው መኪና ሁሉ የጃንሆይ ይመስላቸዋል፤ ጃንሆይ ከሞቱ ግን ዓመታት አልፈዋል። አንድ ቀን ሲሚንቶ የጫነ መኪና ጭንቅላታቸው አጠገብ ሲደርስ ሲጢጥ ብሎ ቆመ። ሾፌሩ ወርዶ ሰደበን፤ እውነቱን ነው። ኃላፊያችን ሰብስበውን፣ "ከእንግዲህ አንድ ጊዜ ከወጡ አልጋ ላይ ይታሰራሉ" አሉ። በዚያ ቤት ታስሮ የከረመ ሽማግሌ ነበር፤ ገመዱ የበላውን እጁን የማጥበው እኔ ነበርኩ። አባባ እንደዚያ እንዲሆኑ አልፈለግሁም።

በዚያው ሰሞን፣ ያልሠለጠነ ሰው አረጋውያንን አይንከባከብም የሚል መመሪያ መጣና አንድ ነርስ ተላከልን። ምግብ ቤቱ ውስጥ አግዳሚ ላይ ደርድሮ አስቀመጠን። መርሳት በሽታ እንጂ እርግማን ወይም ጥጋብ እንዳልሆነ ያኔ ነው የሰማሁት፤ ለዚህ እስከ ዛሬ አመሰግነዋለሁ። ቀጥሎ ግን፣ በሽተኛው ሲሳሳት አርሙት አለ። ቀኑን ንገሩት፣ ያለበትን ንገሩት፣ አትዋሹት።

እኔም በማግስቱ አባባ አጠገብ ቁጭ አልኩና፣ "አባባ፣ ጃንሆይ እኮ አርፈዋል" አልኳቸው።

ጋቢያቸውን ተከናንበው አለቀሱ። ቀኑን ሙሉ እህል አልቀመሱም። በነጋታው ረስተውት እንደገና ወደ በሩ ሲያዘግሙ በስንት ልመና መለስኳቸው። ነርሱ "ድገሚላቸው" አለኝ።

"በየማለዳው መርዶ ላርዳ?" አልኩት። "ከፈለግህ አንተው ንገራቸው!"

አልተቀየመኝም። ሄዶ አጠገባቸው ተቀመጠና፣ "አባባ፣ አቤቱታዎ ስለ ምንድን ነው?" አላቸው። ያን ሁሉ ጊዜ ስንጎትታቸው ማናችንም ይህን ጠይቀን አናውቅም።

"የአባቴ ርስት ነዋ! ባላባቱ ቀማኝ።"

የነርሱ ፊት በራ። "ታዲያ አባባ፣ መሬት ለአራሹ ታውጆ የለም? ባላባት ቀርቷል እኮ፤ መሬቱ ተመልሷል።"

እውነት ነው፣ ያውም ደስ የሚል እውነት። አባባ ጎንበስ ብለው መሬት ሳሙ፣ ነርሱንም መረቁት። ከዚያ ብድግ ብለው ከዘራቸውን አነሱ።

"ወዴት ነው አባባ?"

"ጉዳዬ ካለቀ እዚህ ምን እሠራለሁ? አገሬ ልግባ እንጂ!"

ለሁለት ያዝናቸው። በዚያ ክንድ ያ ሁሉ ጉልበት ከየት እንደመጣ እንጃ። ነርሱን ትከሻው ላይ በከዘራ አቀመሱት። ኃላፊያችን ጩኸቱን ሰምተው ወጡና ዘበኛውን ገመድ እንዲያመጣ ላኩት።

ያኔ የተናገርኩትን አስቤበት አልነበረም። የልጄ ወሬ ከጠፋ ወዲህ በየሰኞው ቀበሌ ሄጄ እጠይቃለሁ፤ እዚያ የሚሉኝ ነው ከአፌ የወጣው። "አባባ፣ ሹሙ ዛሬ የሉም። ውሳኔው ገና ማኅተም አላረፈበትም፤ ነገ ይምጡ ብለዋል።"

ክንዳቸው ላላ። "ነገ?"

"ነገ።"

"እንዲያ ከሆነማ ደጅ መጥናት ነው" ብለው እዚያው ደረጃው ላይ ተቀመጡ። ለካ ሰውዬው መጦሪያ የገቡ አይመስላቸውም፤ ለካ የሹም ደጅ ነው የያዙት። ደጅ የሚጠና ሰው ደግሞ የሚቀመጥበት ቦታና የሚጠብቀው ነገ ካለው ይታገሣል።

ነርሱ ትከሻውን እያሸ፣ "ይኼ እኮ ውሸት ነው" አለኝ።

"ነው" አልኩት።

እስከ ሥልጠናው መጨረሻ ተከራከርን፤ አልተስማማንም። ግን ኃላፊያችንን ለምኖ ከበሩ ወደ ውስጥ፣ ባሕር ዛፉ ሥር አግዳሚ ያስቀመጠላቸው እሱ ነው። ገመዱም ወደ መጋዘን ተመለሰ። ከዚያ ወዲያ አባባ አስፋልት አልወጡም። ጠዋት ተጣጥበው፣ ጋቢያቸውን አደግድገው አግዳሚው ላይ ይሰየማሉ። ማታ ተረኛው "ነገ ይምጡ ብለዋል" ሲላቸው ለራት ይነሳሉ።

አንድ ሰኞ ከቀበሌ ስመለስ እግሬ ዝሎ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ዞር ብለው አዩኝ።

"አንቺስ ልጄ፣ ጉዳይሽ ምንድን ነው?"

"ልጄ ነው አባባ።"

"ምን አሉሽ?"

"ነገ ነይ።"

ይህን ስል ልጄ ሲሄድ ያላለቀስኩት ሁሉ መጣብኝ፤ ሽርጤን ፊቴ ላይ አድርጌ አለቀስኩ። እሳቸው አይዞሽም ዝም በይም አላሉኝም። ከዘራቸውን ወደ ማዶ አዛውረው ቦታ ለቀቁልኝ።

"ጠጋ በይ" አሉ። "በዚህ በኩል ነፋስ የለም። ነገም አብረን እንጠብቃለን።"