በአስተርጓሚው አጥር ላይ

ጎረቤታችን አስተርጓሚው ከጣሊያን ነጋዴ ጋር ባሕር ማዶ ደርሶ ከተመለሰ ወዲህ ከተማችን መቱ ጠበበችው። ጭቃችንን ሲረግጥ እንኳ እንደ ዶሮ እግሩን እያነሣ፣ እየተጸየፈ ነው።

«በዚያ አገር ከተማ» ይላል፣ «ከስንት መቶ ዓመት በፊት የሞተ ባለቅኔ ግጥም በእብነ በረድ ተቀርጾ በየመንገዱ ተለጥፏል። የሰደባቸው መኳንንት ግድግዳ ላይ ሳይቀር! የሠለጠነ ሰው ስድቡን አይነቅልም። ይህ ለእናንተ የት ይገባችኋል?»

ከዚያ ግጥም ጥቂቱን ወደ አማርኛ መልሶ፣ በገበያው መንገድ በኩል ባለው አጥሩ ላይ ሊሰቅል ተነሣ። አፉ እንጂ እጁ ለጽሕፈት አይታዘዝምና እኔን አስጠራኝ። አባቴ ከቄሱ ዘንድ ጽሕፈት እንድማር የፈቀደልኝ እያቅማማ ነበር። «አደባባይ ላይ ካሳፈርሽኝ ትምህርቱ ቀረ፤ እንዝርትሽን ታነሺያለሽ» አለኝ።

የመለሰው ነገር ቤት አይመታ፣ ልብ አይነካ! ቢሆንም ልጽፈው ሳንቃውን ተቀበልኩ። «ጋሼ፣ በጥላሸት ቀለም ከሆነ ዝናቡ ያጥበዋል፤ ሳንቃውን በጋለ ብረት ልተኩሰው?» አልኩ።

«አንቺ ደግሞ እኔን ልታስተምሪ! እዚያ ፊደሉ ጥቁር ነው አልኩሽ፣ ጥቁር!»

በገበያው ቀን ነጭ ኮቱን ለብሶ ከሳንቃው ሥር ቆመና ማነብነብ ጀመረ። ዝናባችን መቼ ቀርቶ ያውቃል? መጣ። ባለቅኔው ከነጥላሸቱ ታጥቦ ኮቱ ላይ ወረደ። አንዲት ማር ሻጭ «ባዴ! ባዴ! ጠፋ እኮ!» እያለች በሳቅ ፈረሰች።

«የዚች ልጅ እጅ ነው ያበላሸው!» ብሎ ጮኸ።

አባቴ ሰማ። ማታ እንዝርቱን መደቤ ላይ አገኘሁት።

አለቀስኩ። ከዚያ ግን ተናደድኩ። የቢላ ጫፍ አግዬ በሌላ ሳንቃ ላይ የራሴን ተኮስኩ፤ በማግስቱ ሄጄ አጥሩ ላይ ሰቀልኩት፦

ባሕር ማዶ ደርሶ ሰማይ የሚነካ፣
የመቱን ዝናብ ግን አያውቀውም ለካ።

አስተርጓሚው ሊነቅለው እየተንደረደረ ወጣ። መንገደኛው ሁሉ ቆሟል፤ አባቴም አለ።

«ጋሼ» አልኩ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ «የሠለጠነ ሰው ስድቡን አይነቅልም አላሉም?»

እጁ ሳንቃው ላይ እንደተጣበቀ ቀረ። አባቴ ቀርቦ አነበበው፤ ከንፈሩን ነክሶ ደግሞ አነበበው። ትከሻው በታፈነ ሳቅ ይንቀጠቀጥ ነበር። «ፊደሉስ ግጥም ያለ ነው» አለ።

ሳንቃው ዛሬም እዚያው ነው፤ ዝናቡም ይወርድበታል። አስተርጓሚው በጓሮ በር ይወጣል። እኔ ወደ ቄሱ የምሄደው በአጥሩ በኩል ነው፤ ሌላ አጭር መንገድ አለ፣ ግን ምን በወጣኝ!