ማስመሪያ እና ደወል

የሒሳብ መምህርቷን ተማሪዎቿ «ማስመሪያ» ይሏታል። ቀጥ ብላ ትሄዳለች፣ ቀጥ አድርጋ ትናገራለች፤ በባዶ እጇ ሰሌዳ ላይ የምታሰምረው መስመር እንኳ ውልፍት አይልም። ዕድሜዋ ሠላሳ ስድስት ነው፤ ከእናቷ ጋር ትኖራለች። ስድስት ዓመት በተከታታይ የትምህርት ቤቱ ምርጥ መምህርት ተብላ ተሸልማለች። ለሰባተኛው ምስክር ወረቀትም ሳሎን ግድግዳ ላይ ሚስማር አስቀድማ መትታ ነበር።

ሽልማቱን ግን በዚያው ዓመት የመጣው የቋንቋ መምህር ወሰደው።

ሰውየው ድምፁ ግቢውን ሁሉ ስለሚያዳርስ «ደወል» የሚል ስም ወጥቶለታል። የሁለቱን ክፍል የሚለየው ስስ የኮምፔንሳቶ ግድግዳ ነው። እሷ «ኤክስ ሲደመር አምስት» ስትል እሱ ወዲያ ማዶ ግጥም ያንበለብላል፤ ልጆቹም ይንከተከታሉ። አንድ ቀን ማስመሪያ አንዷን ተማሪዋን «ኤክስ ስንት ነው?» ብላ ብትጠይቃት፣ ልጅቷ ልቧ ማዶ ሄዶ ኖሮ «ፍቅር!» ብላ መለሰች።

ማስመሪያ ጠመኔዋን ወርውራ እሱ ክፍል በር ላይ ቆመች።

«መምህር፣ እርስዎ የሚያስተምሩት የራስዎን ልጆች ነው ወይስ የእኔንም?»

«ጆሮ በር የለው፣ ዝጉት አልላቸው ነገር!» አላት ፈገግ ብሎ።

ከዚያ ወዲህ እሳትና ጭድ ሆኑ። እሷ ለርዕሰ መምህሩ ሦስት የአቤቱታ ደብዳቤ ጻፈች። መልስ እንዲሰጥበት ሲመሩለት፣ እሱ ግድፈቷን በቀይ እስክሪብቶ አርሞ፣ ከአሥር ስምንት ሰጥቶ ላከላት። እልህ ምላጭ ያስውጣል እንዲሉ፣ እሷም የውጤት ሠንጠረዡን አገላብጣ አራት የድምር ስህተት አገኘችበትና ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለጠፈችው።

የማጠቃለያ ፈተናው ሦስት ሳምንት ሲቀረው የደወል ድምፅ ተዘጋ። ጉሮሮው አብጦ፣ ሐኪሙ አሥራ አምስት ቀን ትንፍሽ እንዳይል አዘዘው። ርዕሰ መምህሩ ማስመሪያን አስጠሯት።

«እሱ ሰሌዳ ላይ ይጽፋል፤ አንቺ ታነቢለታለሽ።»

«ከሰው ሁሉ እኔ?»

«የፈተና ክለሳ በሚሰጥበት ሰዓት ክፍለ ጊዜ የሌለሽ አንቺ ብቻ ነሽ። ደግሞስ ዝም አሰኙልኝ ስትዪ አልከረምሽም? ይኸው ዝም አለ።»

የመጀመሪያውን ቀን ግጥሙን እንደ ማባዣ ሠንጠረዥ አነበነበችው። ልጆቹ ከንፈራቸውን ነከሱ። ደወል ጠመኔውን አነሳና ጻፈ፤ እሷም የተጻፈውን ሁሉ አንብቢ ተብላለችና ጮክ ብላ አነበበችው፦ «መምህርት ሆይ፣ አውቶቡስ ሊያመልጥዎ ነው እንዴ? ቀስ ይበሉ እንጂ!»

ምን እንዳነበበች የገባት ከጨረሰች በኋላ ነው። ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። እሷም መጀመሪያ ልትቆጣ ቃጣት፤ ከዚያ ግን እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። ማስመሪያ ስትስቅ ያየ ተማሪ እስከዚያ ቀን አልነበረም።

በሳምንቱ የደረሳት ግጥም የሞተ አባቷን ሸሚዝ ስለምትተኩስ ልጅ ነበር። መሐል ላይ ድምፏ ተቆረጠ። ደወል ወረቀቱን ቀስ አድርጎ ተቀበላትና ልጆቹ የቀረውን በኅብረት እንዲያነቡ በእጁ ምልክት ሰጣቸው። ሲወጡ ብጣሽ ወረቀት ዘረጋላት፦ «ይቅርታ፣ አላወቅሁም።»

አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጡና ስለ ሟች አባቷ ነገረችው። ልብስ ሰፊ ነበር፤ ቀጥ ያለ መስመር ማስመርን ያስተማራት እሱ ነው፣ በጨርቅ ላይ፣ በልብስ ሰፊ ጠመኔ። በሕይወቷ እንደዚያ አዳምጧት የሚያውቅ ሰው አልነበረም፤ እርግጥ ሰውየው ምርጫም አልነበረው። በማግስቱ እሷም በተራዋ ውጤት አደማመር ታስተምረው ጀመር።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ ግቢው ሁሉ ያወቀውን ሁለቱ አያውቁም ነበር። እሷ የነቃችው ብቻዋን ስትወጣ የበሩ ጥበቃ «ምነው፣ ዛሬ ተኳርፋችሁ ነው?» ሲላት ነው። ቤቷ እስክትደርስ ፊቷ እንደጋለ ቀረ።

በአሥራ ስድስተኛው ቀን ደወል የመምህራን ማረፊያ በር ላይ ጠበቃት። እንደ ልማዱ ይጮኻል ብላ ስትጠብቅ፣ በሻከረ ድምፅ ቀስ ብሎ፣ «አንቺ» አላት። እርስዎ ቀረ።

«ምነው አንተ?» አለች፤ ከአፏ አመለጣት።

«ስንት ነገር አጠራቅሜ ነበር፤ ሲደመር ግን አንድ ሆነብኝ። ታገቢኛለሽ?»

«አሠራሩ ያልታየ መልስ ሙሉ ነጥብ አያገኝም» አለችው እንደምንም።

«አሠራሩን ዕድሜ ልኬን ላሳይሽ።»

«እንግዲያ እሺ።»

እናቷ ሲሰሙ ዓይናቸው ፈጠጠ። «ያ ስትረግሚው የከረምሽው ሰውዬ?»

«እሱው ነው፣ እማዬ።»

«እግዜር ሳይደግስ አይጣላም፤ አምጪውና ልየው!»

በእረፍቱ ወር ተጋቡና እናቷ ቤት ጎን ሁለት ክፍል ተከራዩ። እናትየው ጆሯቸው ደከም ያለ ነውና፣ ሰው ደግሞ ደጋግሞ ሳይነግራቸው የሚሰሙት አማቻቸውን ብቻ ነው። ጋዜጣ ሲያነብላቸው ወጥ ቤት ያለችው ማስመሪያ ሳትቀር ትሰማለች፤ ሲሳሳትም ከዚያው ሆና ታርመዋለች።