ሴኒሜሊ፣ ወንድሟና የሸርጣኑ ጉድጓድ

ሴኒሜሊ በሰፈራችን የጎልፍ ሜዳ ሣር ማጨድ ከጀመረች ሃያ ስድስት ዓመት ሆናት። መጫወት የተማረችው ከሥራ በኋላ፣ እንግዳ ጥሎት በሄደ ጫፉ የተጣመመ ዱላ ነው።

ወንድሟ አፒሳሎሜ የእኔ ባል ነው። በእኛ በፊጂዎች ዘንድ እህትና ወንድም ካደጉ በኋላ ፊት ለፊት አይነጋገሩም፤ ክብር ነው እንጂ ጠብ አይደለም። ከሠርጌ ጀምሮ መልእክተኛቸው እኔ ነኝ። "ጣሪያዋ ያፈሳል ወይ በያት"፣ "ዓሣው ደርሶኛል በይው" እየተባልኩ አረጀሁ።

ዘንድሮ ለሴቶች ዋንጫ ዕጣ ሲወጣ፣ የሴኒሜሊ ምት ቆጣሪ አፒሳሎሜ ሆነ። እኔ ዱላዋን ተሸክሜ በመሃላቸው ሄድኩ።

"ኧረ ፈጠን በይ ምራቴ! እንቁላል የያዛት ዳክዬ መሰልሽ እኮ።"

"ዱላሽን ተሸክሜ ነው። አፍሽንም ብሸከም ምን ልሆን ነበር!"

የመጨረሻው ጉድጓድ ላይ ስንደርስ፣ ሴኒሜሊ አምና ዋንጫውን የወሰደችውን፣ ከዋና ከተማችን ከሱቫ የመጣችውን ሴት በአንድ ምት ትቀድማት ነበር። በጎልፍ የሚያሸንፈው ጥቂት ምት የመታ ነው፤ አንድ የቅጣት ምት ከተጨመረባት ግን እኩል ይሆናሉ፤ እኩል ከሆኑ ደግሞ ዋንጫው ከሱቫዋ እጅ አይወጣም።

ጠምቷት ስለነበር ኮኮነት ላመጣላት ሄድኩ። ስመለስ ከሩቅ አየኋቸው። ኳሷ የሸርጣን ጉድጓድ ውስጥ ገብታለች። ከዚያ ኳስ ማውጣት ቅጣት የለውም፤ ግን ከመንካቷ በፊት ተናግራ ቆጣሪው መፍቀድ አለበት። እሷ መሬት መሬቱን ታያለች፣ እሱ ሰዓቱን ያያል። ሦስት ደቂቃ ካለፈ ኳሷ እንደጠፋች ትቆጠራለች፤ ቅጣትም ይጨመርባታል። እኔ ኮኮነቶቹን አቅፌ ብሮጥም ጉልበቴ እንቢ አለ።

በመጨረሻ አፒሳሎሜ ጉድጓዱ ላይ ጎንበስ አለ። "አንተ ሌባ! የማንን ኳስ ነው የዋጥከው?"

ሴኒሜሊም ጎንበስ አለች። "ሸርጣኔ፣ ሰዓቱን ለሚያየው ሰውዬ ንገርልኝ። የእኔ ናት፣ ቀይ ነጥብ አለባት።"

"ያለ ቅጣት ትውሰድ በላት።"

እጇን እስከ ክርኗ ሰደደች። "ወይኔ ጣቴን!" ብላ ኳሷን መዥርጣ አወጣች። በአንድ ምት ባንዲራው ሥር አደረሰቻት፣ በሁለተኛው አስገባቻት። አሸነፈች!

ይሄኔ እያለከለክሁ ደረስኩ።

"ደረስሽ?" አለችኝ ጣቷን እየጠባች። "ሥራሽን ተቀምተሻል። ሸርጣኑ ካንቺ ይፈጥናል፤ ወሬም አይጨምርም።"

ዋንጫውን እንደተቀበለች ኮኮነቱን ገልብጣበት ግማሹን ጠጣች። ቀሪውን ለእኔ አቀበለችኝና ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ "ለሰውዬው ስጪው" አለችኝ።