ዱላውን ከልጄ የቀማው ሰውዬ

የቤዝቦል አሰልጣኙ ሃይስኩል የምትማረውን ልጄን ከመጀመሪያ መቺነት አውርዶ መጨረሻ ሲያደርጋት፣ «ይኼ ሰውዬ አንድ ነገር አለው» አልኩ። ቤዝቦል ብዙም አይገባኝም። ኳሷን በዱላ መትቶ አጥር ለሚያሻግር ሰው እንደሚጨበጨብ ግን አያለሁ። የኔዋ ደግሞ አቤት ስትመታ!

ሄጄ ጠየቅኩት። ፈገግ ብሎ፣ «ጨዋታው ተለውጧል። ድሮ የምንፈልገው መቺ ነበር፤ አሁን የሚያሸንፈው የተመታውን የሚያስቀር ነው። እሷ መሃል ሜዳ ላይ ትከላከልልኝ» አለኝ። ፈገግታው አልጣመኝም። እኔ ራሴ ከተማ መሃል የሰው ፎቅ በር ላይ ቆሜ የምውል ጥበቃ ነኝ። ጭራሽ ልጄንም ዘበኛ ሊያደርግብኝ! መምታቱ ለፈረንጆቹ ልጆች፣ መጠበቁ ለኛ። ደሜ ፈላ።

ፉትስክሬይ ሰፈር፣ አበሻ የሚሰበሰብበት ካፌ ውስጥ ለጓደኛዬ ሳወራው፣ «ምን ትጠብቃለህ? አስወጣት እንጂ!» አለኝ። ማታውኑ ለልጄ፣ ከቅዳሜው ጨዋታ በኋላ እንደማትመለስ ነገርኳት። እራቷን ሳትበላ ተኛች።

ቅዳሜ ከሌሎቹ ወላጆች ራቅ ብዬ አጥሩን ተደግፌ ቆምኩ። ከኋላዬ ሰው ሲቆም አልወድም። ካፌም ስገባ ጀርባዬን ለግድግዳ ሰጥቼ፣ በሩን እያየሁ ነው የምቀመጠው። ሰው ከቤቱ እየተወሰደ በሚቀርበት ዘመን ያደግን ብዙዎቻችን እንዲህ ነን።

ጨዋታው ሊያልቅ ሲል የተጋጣሚ ቡድን ልጅ ለመምታት ተዘጋጀች። ኳሷ ገና ሳትወረወር ልጄ ወደ ግራ ፈቀቅ አለች። ምን ነካት? ቦታዋን ለቀቀች እኮ! ዱላው ጮኸ፤ ኳሷ ግን እየበረረች ቀጥ ብላ ልጄ ጓንት ውስጥ ገባች። አሸነፉ። አሰልጣኙ እንደ ሕፃን ይዘላል። «ማስመሰሉን ሲችልበት!» አልኩ በሆዴ።

መኪና ውስጥ፣ «ኳሷ በዚያ በኩል እንደምትመጣ በምን አወቅሽ?» አልኳት።

እንደ ልማዷ በእንግሊዝኛ መለሰችልኝ። «እግሯንና ትከሻዋን አየሁ። ወደ ቀኝ የምትመታ አስመስላ ነበር፤ አላመንኳትም።»

«ማን ነው እንዲህ ያስተማረሽ? እሱ ነው?»

ቀና ብላ በመገረም አየችኝ። «አባዬ፣ አንተ ነሃ! ሁሌ የሰው እጅና እግር ስታይ አይደል የምትውለው?»

ደስ አለኝ፤ ከፋኝም። ባሕር የተሻገርኩት ከዚያ ዘመን ለእሷ ምንም እንዳይደርሳት ነበር።

ቤት ስንደርስ ከቡድኑ የተሰጣትን ጓንት እንደታቀፈች ወረደች። ለአሰልጣኙ መልሺ አላልኳትም።