ለአስቴር የሞላሁት ቅጽ

ባለፈው ሳምንት የሳይኮሎጂ መምህራችን የጠባይ መለያ ቅጽ አደሉንና፣ ለራሳችን ሳይሆን አጠገባችን ለተቀመጠው ተማሪ እንድንሞላ አዘዙን። አጠገቤ የነበረችው ከካምባ የመጣችው የዶርም ጓደኛዬ ሰላም ናት። እስክሪብቶዬን አነሳሁና የመጀመሪያው ጥያቄ ላይ ቆምኩ። እንዲህ ያለ ቅጽ ከዚህ በፊት ለሰው ሞልቼ አውቃለሁ።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሳለን የክፍል ጓደኛዬ አስቴር ከከተማው ወጣ ካለችው ከጫኖ መንደር በባጃጅ ትመላለስ ነበር። እኔ ከሰሜን ተመድቦ የመጣ የመንግሥት ሠራተኛ ልጅ ነኝ፤ እሷ የሙዝ ገበሬ ልጅ። ያወዳጀን ምሳ ዕቃዋ ነው። እናቷ ከበቆሎ ዱቄትና ከሽፈራው ቅጠል የምትሠራላትን ኩርኩፋ አብዛኛውን የምጨርሰው እኔ ነበርኩ። «ለእናንተ ሽፈራው መድኃኒት አይደለም እንዴ? ታመሻል መሰለኝ» እያለች ትስቅብኛለች።

አንድ ቀን በስልኬ የጠባይ መፈተሻ አገኘሁ። ጥያቄው ሲበዛባት «አንቺ ታውቂኝ የለ፣ ሙዪልኝ» አለችኝ። ሞላሁላት። ዝምተኛ ናት፣ ብቻዋን ስትሆን ነው የሚቀልላት የሚል ውጤት መጣ። እሷ ሳቀች፤ እኔ ግን አመንኩት።

ከገና በኋላ፣ መንገዱ ሁሉ አቧራ በሆነበት ሰሞን፣ አስቴር በእረፍት ሰዓት በትምህርት ቤቱ በር አጠገብ ካለው ድንጋይ ላይ ብቻዋን መቀመጥ ጀመረች። ምሳ ዕቃዋ ውስጥ ሙዝ ብቻ ነበር። «ምን ሆነሻል?» አልኳት። «ደህና ነኝ» አለች። ጠባይዋን ያወቅኩላት መስሎኝ ትቻት ሄድኩ። ሌሎቹንም እንዲተዋት ነገርኳቸው፤ በዚህም ኩራት ቢጤ ተሰምቶኝ ነበር።

ሁለት ሳምንት እንዲህ ቆይታ ከትምህርት ቤት ቀረች። የፈተና ምዝገባ ሲዘጋም አልመጣችም። ያን ጊዜ ጫኖ ወረድኩ። አስቴር የሙዙ ማሳ ውስጥ ውሃ ትመልስ ነበር፤ እግሯ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ነው። እናቷ አልጋ ላይ ከዋለች ወር ሆኗታል፤ ታናናሾቿን የሚያይ የለም።

«ለምን አልነገርሽኝም?» አልኳት።

ዶማዋን ተደግፋ ቀና አለችና፣ «አንዴ ጠየቅሽኝ። እኛ ቤት አንዴ የተጠየቀ ሰው ደህና ነኝ ነው የሚለው። ሁለተኛ እስክትጠይቂኝ እዚያ ድንጋይ ላይ ቁጭ አልኩ» አለችኝ።

«ብቻሽን መሆን የምትወጂ መስሎኝ ነው። ውጤቱ እንደዚያ…»

«የሞላሽው አንቺ ነሽ እኮ» አለች፣ ሳትቆጣ።

በኋላ የክፍል ኃላፊያችን፣ ቀድመው ቢሰሙ ኖሮ ጠዋት ቤቷን እያየች እንድትማር ወደ ከሰዓት ፈረቃ ያዛውሯት እንደነበር ነገሩኝ። ይህንን ለአስቴር እስከዛሬ አልነገርኳትም። እናቷ በዚያው ዓመት አረፈች፤ አስቴርም ወደ ትምህርት ቤት አልተመለሰችም።

ቅጹ መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም። እኔ ግን ውጤቱን አንብቤ ሙዝ ብቻ የያዘውን ምሳ ዕቃ ሳላነብ ቀርቻለሁ።

ሰላም ቶሎ ሙዪልኝ ብላ ጎሰመችኝ። እስክሪብቶዬን አስቀምጬ እንዴት እንደሆነች ጠየቅኳት።

«ደህና ነኝ» አለች።

እንደገና ጠየቅኳት።