ከደበላ ጋር የተቋጠርኩበት ኅዳር

ይህ ነገር የደረሰብኝ የንጉሡ ከተማ ገና እንጦጦ ተራራ ላይ ሳለ፣ ሰዉ ወደ ፍልውሃው ሜዳ ሳይወርድ ነው። ዓመታት አልፈውታል። ይሁንና ኅዳር መጥቶ ገብሱ መንጣት ሲጀምር ንዴቴ እንደ አዲስ ይነሳብኛል። የወንድሜን ጀግንነት የማያወራ የለም። በእሱ ሰበብ እኔ ያየሁትን አበሳ ግን ማንም አያነሳውም፤ እኔው ልናገረው።

ሽብሩ ታናሽ ወንድሜ ነው። ትግል የጀመረው እንደ ማንኛውም የየካ ጎረምሳ በበዓል ቀን፣ በመስቀልና በገና ሜዳ ላይ ነበር። ያኔ ጨዋታ ነው። የጣለ ሰው አንድ ዋንጫ ጠላ ይጨመርለታል፤ የወደቀውም አቧራውን አራግፎ አብሮት ይጠጣል። ሽብሩ የመንደራችንን ጎረምሳ ሁሉ ጥሎ ሲጨርስ የማዶውን መንደር ይጥል ጀመር። እስከዚህ ድረስ እኔም እኮራበት ነበር፤ አልዋሽም።

ከዚያ እንጦጦ የሚኖሩ አንድ ትልቅ ጌታ አዩትና ቤታቸው አስገቡት። መኳንንቱ ግብር ሲያበሉ እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ታጋይ ያቀርባሉ። የሽብሩም ሥራ ይኸው ሆነ፤ የጌታውን ሥጋ መብላት፣ የጌታውን ሸማ መልበስ፣ የሌላውን ጌታ ሰው መጣል። እየጣለም ስሙ ተራራውን ሞላው። እኛ ቤት ግን ከዚያ ሁሉ ሥጋ አንዲት ቁራጭ አልደረሰችም። በመኸር ጊዜ እርዳኝ ስለው ደግሞ ምን ይለኛል? "ማጭድ ጨብጦ የዋለ ጣት አንገት ለመያዝ ይዝላል!" ጣቱን እንደ ሙሽራ ነበር የሚጠብቀው።

በኅዳር ሚካኤል ዕለት የካ ሚካኤል ሥር ካለው ሜዳ ላይ ትልቅ ትግል ተደረገ። ጌታው "ሽብሩን የጣለ በቦታው ይገባል" ብለው አስነግረው ነበር። ደፍሮ የመጣው ደበላ የሚባል የእኛው የየካ ገበሬ ነው። ቁመቱ ዋርካ፣ ንግግሩ ጥቂት። ሰዉ ሁሉ ሽብሩን ከጣለው የሚጥለው እሱ ነው ይል ነበር።

ተያያዙ። ደበላ ትከሻውን ሊይዝ ሲል እጁ እየተንሸራተተ እምቢ አለው። ሽብሩም ከሥር ገብቶ አነሳና በጀርባው አነጠፈው። ሜዳው በእልልታ ሲናወጥ ደበላ ተነሥቶ መዳፉን አሸተተ።

"ቅቤ ነው! ገላው ቅቤ ነው!" ብሎ ጮኸ።

ቅቤ የነካው ገላ ለትግል እንደማይቀርብ ማንም ያውቃል። ሽብሩ ግን ፊቱም አልተለወጠም።

"ለበዓሉ ራሴን ተቀብቼ ነው። ፀሐይ አቅልጦ ካወረደው እኔ ምን ላድርግ?" አለ።

ነገሩ እውነት ይመስላል። በዓል ነው፤ ግማሹ ሰው ራሱን ተቀብቶ ነበር። ሕዝቡ ለሁለት ተከፍሎ ዱላ ሊማዘዝ ሲል ደበላ "በንጉሥ አምላክ! እንዳትንቀሳቀስ!" አለ። ያኔ ይህ ቃል ከተጠራ ወዲያ ቀልድ የለም። የተባለው ሰው ባለበት ይቆማል፤ ነገሩ በዳኛ እስኪታይ ድረስ እግሩን አያነሳም።

አንድ ሽማግሌ ዳኛ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ ተለመኑና ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ነገሩን ሰምተው፣ ጉዳዩ እንጦጦ በደጃቸው እንዲታይ ቀን ቀጠሩ።

"እስከዚያ ዋስ ጥራ" አሉት ሽብሩን።

"ወንድሜ አለ!" አለና ወደ እኔ ጠቆመ። እስኪ በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት "አልዋሰውም" ልበል? ተዋስኩት። በቀጠሮው ቀን ከች እንደሚል ምሎልኝ ነበር።

ቀጠሮው ደረሰ፤ ሽብሩ የለም። ጌታውን ተከትሎ ቆላ ወርዷል። ለእኔ ለዋሱ አንድ ቃል እንኳ አልላከልኝም! ዳኛው እኔን አዩኝ፣ ደበላን አዩና "እስኪመጣ ድረስ ዋሱ ይቆራኝ" አሉ። የኩታዬን ጫፍ ከደበላ ኩታ ጫፍ ጋር ቋጠሩት። ኩታውን ጥሎ የሄደ እንደተረታ ይቆጠራል። ስለዚህ እሱ ሲቆም እቆማለሁ፣ ሲቀመጥ እቀመጣለሁ። ከቁጥቋጦ ጀርባ ስንሄድም አብረን ነው፤ ዝርዝሩ ይቅርባችሁ። ማታ ዘመዴ ቤት አንድ መደብ ላይ ስንተኛ እሱ በተገላበጠ ቁጥር እኔ መሬት ላይ ነኝ።

ይህም ይሁን። የሚያንገበግበኝ ገብሴ ነው። የካ ተራራ ሥር ያለችኝ አንዲት ማሳ ናት፤ የዓመት ቀለባችን ያለው እሷ ላይ ነው። ነጥቶ ደርሶ ማጭድ ይጠብቃል። ጦጣውና ወፉ ደግሞ ማጭድ አይጠብቁም። ደበላን ወደ ማሳዬ እንውረድ ስለው "ዳኛው ደጅ ጠብቁ ብለዋል፤ ወንድምህ ቢመጣስ?" ይለኛል። ልጎትተው ብል ደግሞ ጥድ ከነሥሩ መጎተት ነው። ደጁ ላይ ተቀምጬ ወንድሜን ስረግም እውላለሁ።

አንድ ጠዋት ሚስቴ አስካለ ዳገቱን ወጥታ እያለከለከች መጣች። ያለ ወራቱ ደመና ከምሥራቅ ተቆልሎ ነበር።

"ገብሱ ሊረግፍ ነው! ይኸ ዝናብ ከመጣ ምን ልንበላ ነው?" አለችኝ። ከዚያ ወደ ደበላ ዞራ "አንተስ ልጅ የለህም? ወንድምየው በደለህ፣ የእኔ ልጆች ምን በደሉህ?" አለችው።

ደበላ ደመናውን ቀና ብሎ አየ። "ያ ዋቃዮ!" ብሎ በኦሮምኛ አምላኩን ጠራና ተነሣ። እሱ ሲነሳ እኔም ተነሣሁ፤ ምርጫ የለኝማ። ዳኛው ዘንድ ገብቶ "ጌታዬ፣ አንቱ ከፈቀዱ ማሳው ላይ ሆነን እንጠብቃለን" አላቸው። ፈቀዱ።

ማሳው ጋ ስንደርስ "አሁንማ ቋጠሮውን እንፍታው። አጭደን ስንጨርስ መልሰን እንቋጥረዋለን፤ ማን ያየናል?" አልኩት።

"ንጉሡ አያየንም። የንጉሡ አምላክ ግን ያያል" አለ።

እንዲህ ያለ ችኮ ሰው! ኩታችንን እንደተቋጠረ ወገባችን ላይ አሸርጠን ገባን። እሱ ሲራመድ እኔ እሮጣለሁ፣ እኔ ጎንበስ ስል እሱ ይሳባል። አስካለ ለደቦ የጠራችው ሰው ሳቁን መቋቋም አቅቶት ማጭዱን ይጥላል። እኔ ከንዴቴ ብዛት ነዶውን ሁሉ እረግማለሁ። ደበላ ግን አይስቅም፣ አይቆጣም፤ ያጭዳል። የሦስት ሰው ሥራ ሠራ ብል ማጋነን አይሆንብኝም። የመጨረሻውን ነዶ ከምረን በሣር ስንከድነው ዝናቡ ወረደ። ገብሱ ተረፈ። አስካለ አለቀሰች፤ እኔም ዓይኔን ጠረግሁ።

ያን ዕለት ማታ ሽብሩ መጣ! አዲስ ሸማ ለብሶ፣ ወዝ በወዝ ሆኖ። ጎን ለጎን ተቋጥረን ሲያየን ሳቁን ለቀቀው። ከዚያ አጠገቤ ተቀምጦ በጆሮዬ "ቅቤውን ለካ ያን ያህል አሸተተው? ትከሻዬን በደንብ ነበር ያሸሁት እኮ" አለኝ። በጆሮዬ! ደበላ እኮ አንድ ክንድ እንኳ አይርቀኝም።

በማግሥቱ ዳኛው ፊት ቀረብንና ቋጠሮው ተፈታ። ሽብሩ "ጌታዬ ይሙት፣ የራሴ ቅቤ ነው የወረደው" ብሎ ማለ።

"ምስክር አለህ?" አሉት ደበላን።

"አለኝ" አለ። "ዋሱ ነው።"

ሸንጎው በሳቅ አውካካ። አስካለ ከኋላዬ ኩታዬን ጎተተችኝ። "ብትመሰክርበት ጌታው ያባርሩታል። ሲያባርሩት የት እንደሚመጣ ታውቃለህ" አለችኝ። አውቃለሁ። ያን ሆድ የሚችለው ያቺው አንድ ማሳ ገብስ እንደሆነች አውቃለሁ። ልጆቼን አሰብኩ። ደበላ እኔን አላየኝም፤ ገብስ የቧጨረውን እጁን ነበር የሚያየው። እኔም እሱኑ እጅ አየሁና የሰማሁትን ሳልጨምር ሳልቀንስ ተናገርኩ።

ደበላ ረታ፣ የጌታውም ታጋይ ሆነ። ለብዙ ዓመታት በየግብሩ የሚጥለው ጠፋ። በቅቤ ሲታማም አልሰማሁም። ሽብሩ ደግሞ ሸማውን ተገፍፎ እኔ ቤት ገባ። ያቺ ደበላ ያጨዳት ገብስ ለዓመት ትበቃ የነበረችው ሐምሌን ሳታይ አለቀች። ክረምቱን ከየጎረቤቱ እየለመንን አሳለፍን። "ለምን መሰከርክ?" የሚሉኝ አሉ። ዛሬም ብጠየቅ ያንኑ እመሰክራለሁ፤ ሲያናድደኝ የሚኖረውም ይኸው ነው።

ደበላ ግን አልቀረም። ስሙ እንዲያ ገንኖ ሳለ፣ ኅዳር በገባ ቁጥር ማንም ሳይጠራው ማጭዱን ይዞ ከተራራው ይወርዳል። ሽብሩ ማሳው ዳር ጥላ ሥር ተቀምጦ፣ ያን ግዙፍ ሰው እንዴት በጀርባው እንዳነጠፈው ላለፈ ላገደመው ያወራል። አንዳንዱ መንገደኛ ቆም ይልና "ወንድምህ ታጋይ ነው ሲሉ ሰምቼ ነበር፤ የቱ ነው?" ብሎ ይጠይቀኛል። እኔም ጎንበስ ብሎ የሚያጭደውን አልፌ ጥላ ሥር የተቀመጠውን አሳየዋለሁ። ምን ላድርግ፣ እውነቱ እሱ ነዋ!