ቡጢው ኋላ ነው የመጣው

ነገሩ የሆነው በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ ውስጥ ነው። አሜሪካ፣ ሳን ሆዜ ውስጥ ሰሃን ከማጥብበት ምግብ ቤት የኢሚግሬሽን ፖሊሶች ይዘው ኦክላንድ አንድ እስር ቤት አስገቡኝ። የጥገኝነት ኬዜ ገና አልተወሰነም ነበር። በደርግ ጊዜ ታስሬ ስለማውቅ ክፍሉ ስገባ መጀመሪያ ያየሁት ግድግዳውን ነው፤ ደም አለበት ወይ ብዬ። ከቧንቧው በላይ የደረቀ ነበረ።

ክፍሉን የሚገዛው ራሱን የተላጨ ግዙፍ ሰው ጫማዬን ጠየቀኝ። እምቢ ስለው በእርግጫ ጎድኔን ሰበረኝና አውልቆ ወሰደው።

ከወለሉ ደግፈው ያነሡኝ አንድ ቻይናዊ ሽማግሌ ናቸው። የታሰሩት እንደኔው ፔፐር፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ ስለሌላቸው ነው። ጠዋት ጠዋት በአልጋዎቹ መካከል ቆመው እጃቸውን በዝግታ ያነሣሉ፣ ያወርዳሉ፤ ክብደታቸውን ካንዱ እግር ወደ ሌላው ያሻግራሉ። አንድ ቀን ግዙፉ ሰው መንገድ ዘጋህብኝ ብሎ አፋቸውን በክርኑ መታቸው። ጥርሳቸው ሲሚንቶው ላይ ሲያርፍ ሰማሁ። ተነሥተው ደሙን ተፉና ካቆሙበት ቀጠሉ። ደግሞ መታቸው።

ከሰዓት በኋላ የጥርስ ብሩሼን እጀታ ሲሚንቶው ላይ እየፋቅሁ አሾልኩት። ሰውየው ምሳ በልቶ ተኝቷል። አንገቱ ላይ የምወጋበትን ቦታ መርጬ ነበር። ዲፖርት ቢያደርጉኝ አዲስ አበባ የሚጠብቀኝ ጥይት እንደሆነ አውቃለሁ፤ በዚያች ሰዓት ግን ግድ አልሰጠኝም።

ሽማግሌው አጠገቤ ተቀመጡ። ጠዋት የሚሠሩት ታይ ቺ የሚባል የቻይና እንቅስቃሴ መሆኑን ቀደም ሲል በተሰባበረ እንግሊዝኛ ነግረውኛል፤ የእኔም ከሳቸው አይሻልም። መደባደቢያ ነው ሲባል ሰምቼ ነበርና ታዲያ ለምን አልመቱትም አልኳቸው።

«ቡጢው ኋላ ነው የመጣው» አሉኝ። «መጀመሪያ ትንፋሽ ነበር።»

ድሮ ተራራ ላይ የሚኖሩ የታኦ እምነት መነኮሳት ከበሽታ ለመዳንና ዕድሜ ለማርዘም ትንፋሻቸውን ከሰውነታቸው እንቅስቃሴ ጋር ያስማሙ እንደነበር፣ ያም ቺ ጎንግ እንደሚባል፣ ታይ ቺን ያበጁት ተዋጊዎች ከዚያ እንደወሰዱ ነገሩኝ። መምህራቸው ያሏቸው እንዲህ ነው፤ ሌላ የሚልም አለ። ቁጣ ትንፋሽን ደረት ላይ ያስቀረዋል አሉኝ። ከዚያ መዳፋቸውን ከእምብርቴ በታች አሳረፉ።

«እዚህ ድረስ አውርደው።»

ስተነፍስ የተሰበረው ጎድኔ ወጋኝ። እንባዬ መጣ። እጃቸውን አላነሡም።

ብሩሹን ሰባብሬ ሽንት ቤት ውስጥ ጣልኩት።

በማግስቱ ጠዋት በባዶ እግሬ ከጎናቸው ቆምኩ። ግዙፉ ሰው መጥቶ ደረቴን መታኝ፤ ወደቅሁ። ተነሥቼ እጆቼን አነሣሁ። ደግሞ ጣለኝ፤ ደግሞ ተነሣሁ። ሽማግሌው ወደኔ አልዞሩም፤ እስክደርስባቸው ድረስ ግን እንቅስቃሴያቸውን ቀስ አደረጉልኝ። ሰውየው ሲሰለቸው ሰድቦን ወደ አልጋው ተመለሰ።

ብዙም ሳይቆይ ሽማግሌውን ጠርተው ወሰዷቸው። የት እንዳደረሷቸው አላውቅም። እኔ ጥገኝነቱ ተፈቅዶልኝ ዛሬ ካስትሮ ቫሊ እኖራለሁ። በቀደም ይህን ለልጄ አጫወትኳት። አማርኛ ትሰማለች፤ መልሷ ግን በእንግሊዝኛ ነው።

«ሶ ዲድ ዩ ዊን፣ አባ?» አለችኝ፤ ታዲያ አሸነፍክ ወይ ማለቷ ነው።



«ሰው ሳልገድል ወጣሁ» አልኳት።